አሮጌ ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት፦ ቤቱንም ዕቃውንም መልሶ ለመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ለመፍረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ግድግዳው በገመድ ተስቦ ይወድቃል፣ የቀረው በሲኖትራክ ተጭኖ ይሄዳል። በማግስቱ ባለቤቱ ድንጋይ፣ ጣውላ፣ በርና ቆርቆሮ ፍለጋ ይወጣል። ትናንት ገንዘብ ከፍሎ ካስጫነው ዕቃ ብዙውን ዛሬ በአዲስ ዋጋ ይገዛዋል። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። መመሪያውን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ምሳሌዬ በየከተማችን ያለው የቆየ ቤት ነው፦ የድንጋይ መሠረት፣ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ያደገ ሰው በደንብ ያውቀዋል። የሸክላ ወይም የብሎኬት ቤት ያላችሁም ወደ መጨረሻው የሚመለከታችሁን ታገኛላችሁ።

ከገንዘቡ ሌላ ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ልበል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ገብቶ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ተቃጥሎ ነው። ነዳጁ ያጨሳል። ከነዳጁ የበለጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቀው ግን ድንጋዩ ራሱ ነው፤ በውስጡ ታስሮ የኖረው ጋዝ በሙቀቱ ይወጣል። በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 (የአርማታ የጥንካሬ ደረጃ ነው) አርማታ 360 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበላል፤ በባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሲቆጠር ከሰባት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ሲሚንቶ ብቻ ከ250 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን ጋዝ አየር ውስጥ ይገባል። የቆመ ግድግዳ፣ የተቀመጠ መሠረት፣ የተሰነጠቀ ጣውላ ግን ይህን ሁሉ አልፈውታል። እነሱን ማቆየት አዲስ ነገር አያስቃጥልም።

ስለዚህ አካሄዳችን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቤቱን ለማትረፍ እንሞክራለን። ካልሆነ ከፊሉን። እሱም ካልሆነ ዕቃውን።

እርምጃ 1፦ በእርግጥ መፍረስ አለበት?

አንድ ቀን መድቡና ቤቱን ከእግሩ እስከ ራሱ እዩት። ረጅም ሚስማር፣ መዶሻ፣ ቱንቢ (ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት፣ በገመድ የታሰረ ክብደት) እና የእጅ ባትሪ ያዙ።

ከታች ጀምሩ። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ግድግዳው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በትንሹ ፈንቅሉና የቋሚውን እግር በሚስማር ውጉት። ሚስማሩ በእጅ ግፊት ሰተት ብሎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ከዚያ እጅ በእጅ ከፍ እያላችሁ ውጉ። ሚስማሩ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ቤቶች ላይ የበሰበሰው ከታች ያለው ጉልበት የማይደርስ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አጠና ደርቆ እንደ ብረት ጠንክሯል። ምስጥ መኖሩን ለማወቅ እንጨቱን በመዶሻ ቆርቆር አድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል።

ቀጥሎ ቱንቢ ጣሉ። ግድግዳው አጎንብሷል? ስንጥቁ ልስኑ ላይ ብቻ ነው ወይስ ወለሉ ድረስ ይወርዳል? ኮርኒሱን ከፍታችሁ ወራጆቹን፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከሙትን እንጨቶች፣ በባትሪ እዩ። ውሃ የፈሰሰበት ጥቁር ምልክት ካለ እዚያ ያለውን እንጨትም ውጉት።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ግን ምንም አትወስኑ። ክፈፉ አጭር ሊሆን ይችላል። አሸንዳ ላይኖረው ይችላል። በከተማ ደግሞ አንድ የተለመደ ነገር አለ፦ መንገዱ ሲሠራ ከግቢው ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የክረምቱ ጎርፍ ወደ ግቢ ይገባል። ሰዎች «ቤቱ አርጅቷል» ይላሉ። ችግሩ ያለው ግቢው ላይ ነው፤ አዲስ ቤት ቢሠራበትም ያው ውሃ ይጠብቀዋል።

በዚሁ ቀን ወረቀቱንም አጣሩ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ያለፈቃድ ማፍረስም ሆነ መልኩን መቀየር አይቻልም፤ ለዚህ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ያልተመዘገበ ቤትም ቢሆን ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው ስለ ቦታው ፕላን ምን እንደሚል ሳትጠይቁ አንድ ቆርቆሮ አትንቀሉ።

ቤትን ለሌላ ሥራ ማዋል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በውስጡ ያለውን ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል እዚያው ያገኛቸዋል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። የእናንተ ቤት ቤተ መንግሥት ላይሆን ይችላል። ግን የፊት ክፍሉ ሱቅ፣ የኋላው ኪራይ ቤት፣ ወጥ ቤቱ መጋዘን ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 2፦ የሚድን ከሆነ እግሩን ቀይሩ

ይህን ሥራ የጭቃ ቤት ከሚያውቅ አናጺና ከግንበኛ ጋር ሥሩ። ወቅቱ በጋ ይሁን፤ ከጥቅምት በኋላ ጀምራችሁ በልግ ሳይገባ ብትጨርሱ ይመረጣል።

መጀመሪያ ጣሪያውን ደግፉ። ወፍራም አጠና ከወራጁ ሥር አቁሙ፤ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጉለት፤ በክሪክ ወይም በሽብልቅ አጥብቁት። ዓላማው ጣሪያውን ማንሳት አይደለም፤ ባለበት ይዞ ማቆየት ነው።

ከዚያ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ክፈቱ። ጭቃውን አራግፉ፣ የበሰበሰውን የቋሚ እግር ጤነኛው ቦታ ላይ ቁረጡ። በቦታው ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከፍ የሚል የድንጋይ ግንብ ሥሩ። ድንጋዩን ከግቢያችሁ ወይም ከወደቀ አጥር ልታገኙት ትችላላችሁ። በግንቡ አናት ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ፤ እርጥበት ከሥር እንዳይወጣ ያግዳል። ቋሚዎቹን እዚያ ላይ አሳርፉ። አጭር የቀረውን በጤነኛ ቁራጭ አጠና ቀጥሉትና ጎን ለጎን ደርባችሁ በሁለት ቦታ በቦልት እሰሩት። ግንቡ ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ሜትር እለፉ። ሁለት አጎራባች ቦታዎችን በአንድ ላይ አትክፈቱ።

አሁን ስለ ጭቃው። ከግድግዳ የወረደ ጭቃ ቆሻሻ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሸክላ አፈር እሳት ካልነካው ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይለሰልሳል። አንድ 10 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመትና 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ 4.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውስጡ ያለው እንጨት ተቀንሶ እንኳ ብዙ ቶን ነው። ያንን ሁሉ ለማስጫን ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ አዲስ አፈር ለማስመጣት ደግማችሁ ትከፍላላችሁ።

አሮጌውን ጭቃ እንዲህ አዘጋጁት። የቀለም ቅርፊቱን፣ የሲሚንቶ ልስኑንና ሚስማሩን ለቅማችሁ አውጡ። ጓሉን ፍርክስክስ አድርጉና ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አጠጥታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ አንዱን ጓል ቆርሳችሁ እዩት። የድሮው ጭድ ቢጫ መስመር ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው፤ ጠቁሮና ደቅቆ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። በሁለቱም መንገድ አዲስ የጤፍ ጭድ ጨምሩ። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አንድ ላይ ይይዘዋል። በጥር ወር አውድማ ካለቀ በኋላ እንደልብ ይገኛል። በእግር በደንብ እርገጡት፣ ሸፍኑት፣ እየተብላላ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይቆይ። በየቀኑ ትንሽ ውሃ እያከላችሁ ድገሙት።

ከመመረጋችሁ በፊት ፈትኑት። በጡጫ ልክ አድቦልቡላችሁ ከደረት ቁመት ወደ ደረቅ መሬት ልቀቁት። ተደፍጥጦ ቢለጠፍ ውሃ በዝቶበታል። ተበትኖ ቢደቅቅ ሸክላው አንሷል፤ ቀይ አፈር ጨምሩበት። ቅርጹን ትንሽ ለውጦ ሳይበተን ከቀረ ደርሷል። ቀጥላችሁ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ መርጋችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት። ከተሰነጣጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይፈልጋል።

ከላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ይህን ጠንከር አድርጌ የምለው ስህተቱ በየሰፈሩ ስለሚታይ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሎ አድሮ ይላቀቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል። ደቃቅ የጭቃ ልስን አድርጉና በኖራ ቀቡት። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሳል፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ማደስም ርካሽ ነው።

ክፈፉን ቢያንስ ወደ 60 ሴንቲሜትር አርዝሙት፣ አሸንዳ ግጠሙለት፣ በግድግዳው ዙሪያ ያለውን መሬት ወደ ውጭ አዘንብሉት።

እርምጃ 3፦ የሚፈርስ ከሆነ መጀመሪያ ቁጠሩ

አርክቴክት ወይም ነዳፊ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር አውጡ። እያንዳንዱን በርና መስኮት ለኩ፣ በጠመኔ ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሱት። ቆርቆሮውን በርዝመቱ፣ ሞራሌውን (ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት) በውፍረቱ መዝግቡ። የመሠረቱን ድንጋይ በሜትር ኩብ ገምቱ። ከእያንዳንዱ ጎን «አዲሱ ቤት ውስጥ የት ይገባል?» የሚል አምድ ይኑር።

ይህ ዝርዝር ከፕላኑ በፊት መድረስ አለበት። ፕላኑ ካለቀ በኋላ የመስኮቱ ቦታ 120 ሴንቲሜትር ሆኖ እናንተ ያላችሁ የዝግባ መስኮት 110 ከሆነ፣ መስኮቱ ጓሮ ተጥሎ ይበሰብሳል። ዝርዝሩ ቀድሞ የደረሰው ባለሙያ ግን ቀዳዳውን 110 ያደርገዋል። ምንም ወጪ የለውም።

መሠረቱን በተለይ መሐንዲስ ያሳዩ። ለባለ አንድ ፎቅ ጭነት ላይበቃ ይችላል። ለአጥር፣ ለወጥ ቤት ወይም ለሰርቪስ ቤት ግን ባለበት ሊያገለግል ይችላል።

እርምጃ 4፦ ውልና ደኅንነት

አፍራሾች ብዙ ጊዜ «ዕቃውን ለእኛ ተዉልን፣ በነፃ እናፈርሳለን» ይላሉ። ለእነሱ ትርፉ ፍጥነት ነው። ዕቃውን ለራሳችሁ ከፈለጋችሁ በቀን ወይም በወጣው ዕቃ ብዛት ክፈሉ፤ ለምሳሌ በደህና ለወጣ ቆርቆሮ በነጠላ፣ ለተጸዳ ሸክላ በመቶ። ውሉ ላይ ማን ምን እንደሚወስድ በጽሑፍ ይስፈር።

መብራቱ ከቆጣሪው፣ ውሃው ከግቢ መግቢያው ይቆረጥ፤ መብራቱን የሚቆርጠው የመብራት ኃይል ባለሙያ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ወፍራም ጫማ፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። ዝገት የያዘ ሚስማር የወጋው ሰው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፤ ቁስሉን ማጠብ ብቻ አይበቃም።

ሁለት ነገር በልዩ ጥንቃቄ ያዙ። አንዱ የድሮ የዘይት ቀለም ነው፤ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፣ አታቃጥሉት፣ ልጆችን አርቁ። ሌላው ግራጫ፣ ሲሚንቶ መሳይ የጣሪያ ክዳን ነው። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ መልሳችሁም አትጠቀሙበት። ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የሚያውቅ ባለሙያ ሳታማክሩ አትንኩት።

እርምጃ 5፦ በተሠራበት ተቃራኒ ፍቱት

ቤቱ ሲሠራ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። አምፖል፣ ሶኬት፣ ቁልፍና ማጠፊያ። ከዚያ መስታወት፣ በርና መስኮት። ኮርኒስ። ቆርቆሮ። ሞራሌና ወራጅ። ግድግዳ። ወለል። መጨረሻ ላይ መሠረት።

በርና መስኮትን ከነመቃኑ አውጡ። ዲጅኖውን (ረጅሙን የብረት መፈንቀያ) በመቃኑና በግድግዳው መካከል አስገቡ፤ እንጨቱን በቀጥታ አትምቱት። ቆርቆሮ ሲነቀል ከሚስማሩ ራስ ሥር ቁራጭ ጣውላ አድርጋችሁ በጥፍር መዶሻ አንሱት። ያች ቁራጭ ጣውላ ቆርቆሮው እንዳይጎብጥ ታደርጋለች፤ የጎበጠ ቆርቆሮ ዳግመኛ አይገጥምም።

እርምጃ 6፦ ዕቃ በዕቃ

ቆርቆሮ። ወደ ፀሐይ አንሱትና ከሥሩ እዩት። ብርሃን በሚስማር ቀዳዳዎቹ ብቻ ከገባ ጣሪያ ላይ መመለስ ይችላል። በዝገት ከተበሳሳ ለአጥር ወይም ለዕቃ ቤት ግድግዳ ይሁን። የድሮው ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ አሁን ከሚሸጠው ይወፍራል፤ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ወፍራም ነው፣ ባለ 28 ጌጁ ከባለ 35ቱ ይወፍራል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ አንቲረስት ቀቡ። ሲመለስ የቀድሞ ቀዳዳዎቹ ከተደራቢው ሥር እንዲውሉ ወይም ጎማ ባለው አዲስ ሚስማር እንዲሞሉ አድርጉ።

እንጨት። የዝግባ፣ የጽድና የዋንዛ በር ካላችሁ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ይዛችኋል። ጽድ ምስጥንም በደንብ ይቋቋማል። ሚስማሩን ሁሉ ንቀሉ፤ አንዲት የቀረች ሚስማር የአናጺውን መጋዝ ታበላሻለች። የወፈረውን ቀለም በደረቁ ሳይሆን አርጥባችሁ አንሱና የሊንሲድ ዘይት ቀቡት። ሞራሌና ወራጅ ጫፋቸው የበሰበሰ ከሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ ለአጭር ቦታ ተጠቀሙባቸው። ምስጥ የገባበትን ወደ አዲሱ ቤት አታስገቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ቤት ውስጥም ሆነ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ አልመክረውም፤ አፈርና ውሃ ይበክላል።

ድንጋይ። በጭቃ የተገነባ ከሆነ በዲጅኖ ብቻ ተለያይቶ ይወጣል፤ ለሌላ መቶ ዓመት ያገለግላል። በሲሚንቶ የተገነባው ያስቸግራል። ጥርቡን ለፊት ለፊት፣ ቅርጽ የሌለውን ለመሠረት ለዩት።

ሸክላ። በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ ከሆነ በስካርፔሎ (በመዶሻ በሚመታ የብረት መሮ) ይጸዳል። ሁለቱን አጋጩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ጤነኛ ናቸው፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ አለው ማለት ነው። መልሳችሁ ከመገንባታችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ብሎኬትና አርማታ። ብሎኬት ከነሙሉ አካሉ እምብዛም አይወጣም። ሁለቱንም ሰባብራችሁ ከወለል ሥር ሃርድኮር፣ ማለትም የድንጋይ ሙሌት፣ አድርጓቸው። ጅብሰምና እንጨት ግን አብሮ አይግባ።

ፌሮ። እዚህ ላይ አትደራደሩ። ከአሮጌ አርማታ የወጣ፣ ታጥፎ የተቃና ፌሮ ጭነት ለሚሸከሙት ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ አይሆንም። ሲታጠፍና ሲቃና ጥንካሬው ይጎዳል። ለመስኮት ብረት፣ ለአበባ አጥርና ለመደርደሪያ ግን ይሆናል። ቀሪው ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ፤ ቀልጦ እንደገና ፌሮ ይሆናል።

የመብራት ገመድ። አሮጌ ገመድ አዲስ ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም። ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እሳት ያስነሳል። መዳቡን ሽጡት። ፕላስቲኩን እያቃጠሉ መዳብ ማውጣት ግን ለሚሠራውም ለጎረቤትም መርዝ ነው።

የእጅ መታጠቢያ፣ ገንዳ፣ ሴራሚክና መስታወት ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ካልተሰበሩ አጥባችሁ ተጠቀሙባቸው።

እርምጃ 7፦ አስቀምጡ

ብዙ ዕቃ የሚጠፋው ከፈረሰ በኋላ ባለው ክረምት ነው። እንጨቱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ፣ በየድርድሩ መካከል ቀጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፤ አየር ይዙርበት። ከላይ ሸፍኑት፣ ጎኑን ክፍት ተዉት። ቆርቆሮን አስተኝታችሁ አትደርቡት፤ በመካከሉ የቀረ ውሃ ነጭ ዝገት ያወጣበታል። በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ይዘንብል። ሚስማርን በቆርቆሮ ጣሳ፣ ማጠፊያን ከነብሎኑ በከረጢት አድርጉና የበሩን ቁጥር ጻፉበት።

እርምጃ 8፦ የጎደለውን ግዙ፣ የተረፈውን ሽጡ

መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። በየሰፈሩ የሚዞሩት ቁራሌዎች የሰበሰቡት እዚያ ይደርሳል፤ ባለሙያዎቹ በርሜሉን፣ ላሜራውንና ቆርቆሮውን ቀጥቅጠው ምድጃ፣ ባልዲና ማጠፊያ ያደርጉታል። ስትሄዱ ሜትርና የልኬት ዝርዝራችሁን ያዙ። ማግኔትም ያዙ፤ ብረት የሚመስለው ሁሉ ብረት አይደለም። በርና መስኮት ስትገዙ አራቱን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ተጣሟል። የጉድጓድ ክዳን ወይም የመንገድ አጥር የሚመስል ብረት ካያችሁ ግን እለፉት፤ የሕዝብ ንብረት ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ጠይቁ።

አዲሱን ቤት ስትሠሩ ደግሞ ቀጣዩን ፈቺ አስቡት። መፈታት የሚችለውን በብየዳ ፈንታ በቦልት እሰሩ። ለአጥርና ለአጭር ግንብ መሐንዲሱ ከፈቀደ ከሲሚንቶ ይልቅ በኖራ አያይዙ። የመብራትና የውሃ መስመሩን ሊከፈት በሚችል ቦታ አሳልፉ፣ ልስኑ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሱት። ፎቶውንና የዕቃ ዝርዝሩን ከካርታውና ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጧቸው።